የጋሽ ወንድይራድ መስመር

በ2071 ዓ.ም. ክረምት የላይ በር ሰፈር የግንባታ እድር አርባ አንድ ጎተራ፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሳጥን፣ ፕሮግራም የሚገነቡ ሁለት ማሽኖችና አንድ ድንኳን ነበረው። ድንኳኑ ለለቅሶም ለግንባታም ያገለግላል። ሳጥን የሚባለው በየቤቱ ቧንቧ ራስ ላይ ተተክሎ ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ዕቃ ነው። ጎተራ የሚባለው ደግሞ ሳጥኑን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም በየክፍሉ ተጽፎ የሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ እያንዳንዱም ባለቤት አለው። የሊኑክሱን፣ ማለትም የሳጥኑን መሠረታዊ ፕሮግራም፣ ጎተራ የያዘችው ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። የቀዩን መብራት ጎተራ ፀጉር አስተካካዩ ይዞታል። የመዝጊያው ጎተራ ከአንዲት እናት ለልጇ ከቤት ቁልፍ ጋር ተላልፏል። ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ከጤናና ከልጆች ቀጥሎ ስለ ጎተራ ይጠያየቃሉ። መልሱ ሁልጊዜ «ይመስገን» ነው።

የዝርዝሩ ያዥ ትርሲት ናት። የምትተዳደረው በፋርማሲ ነው። ዝርዝሩ አርባ አንድ መስመር አለው፤ በእያንዳንዱ መስመር ላይ የጎተራው ስም፣ የባለቤቱ ስምና አሻራው ሰፍሯል። አሻራ በፊደልና በቁጥር የተሠራ ረጅም ምልክት ነው። ከጽሑፉ ላይ አንዲት ነጥብ ብትነሳ አሻራው ሌላ ይሆናል። በየሦስት ወሩ ባለ ጎተራዎች የአዲሱን ጽሑፋቸውን አሻራ በወረቀት ይዘው ይመጣሉ፣ ጽሑፉን ያነበቡ ሁለት ሰዎች ይፈርሙበታል፣ ትርሲት ዝርዝሩ ላይ ታሰፍረዋለች። ይህ መቸንከር ይባላል። ከተቸነከረ በኋላ ባለቤቱ ምንም ቢጽፍ ማሽኖቹ የሚቀዱት የተቸነከረውን ብቻ ነው። የሞተ ሰው ጎተራ በአርባኛው ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ይቸነከራል።

ላይ በር ውሃውን ራሱ እንዲያዝ የተፈቀደለት በአንድ ሁኔታ ነው። በየዓመቱ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከከተማው ተቆጣጣሪ ይመጣል። ሁለቱ ማሽኖች ከአርባ አንዱ ጎተራ እየቀዱ የሳጥኑን ፕሮግራም ለየብቻ ይገነባሉ። የሁለቱ ውጤት አሻራ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አንድ ከሆነ ሰፈሩ ለአንድ ዓመት ይለቀቃል። ካልሆነ ለሦስት ዓመት ዝግጁው የሚባለው የከተማው ፕሮግራም ይጫንበታል።

ጎረቤታቸው ታች በር ዝግጁው ከተጫነበት ሁለት ዓመት ሆኖታል። የታች በር ሰዎች ዝግጁው መጥፎ አይደለም ይላሉ፤ ይህን ሲሉም ወደ ቧንቧው አየት ያደርጋሉ። ዝግጁው በቤቱ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ያውቃል፣ ለእያንዳንዱ የሚበቃውን ይሰጣል፣ ሲጨርስ ያመሰግናል። እንግዳ ሲመጣ እጁን ከመታጠቡ በፊት ስሙንና የሚቆይበትን ጊዜ ለቧንቧው ይናገራል። ባለፈው ሚያዝያ አንድ ሠርግ ላይ አራት መቶ ሰው ለምሳ ተሰልፎ ሳለ ቧንቧው ነገሩን እንደ ቱቦ ፍንዳታ ቆጥሮ ዘጋ። እንግዶቹ እጃቸውን በለስላሳ ታጥበው በሉ። ትርሲት ከእንግዶቹ አንዷ ነበረች። እስከ ማታ ድረስ ጣቶቿ ይጣበቁ ነበር።

የእህቷ የማኅደር ሠርግ መስከረም 13 ነው። በጥር ይሻል ነበር፣ ሙሽራው ከሥራ ፈቃድ ያገኘው ግን በመስከረም ነው። አምስት መቶ ሃያ ሰው ተጠርቷል። የዘንድሮው ቁጥጥር ቅዳሜ ነሐሴ 27 ቀን ተባለ።

ከደንቡ ላይ አንድ ነገር ተለውጧል። እስከ አምና ሁለቱ ማሽኖች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሆነው በአንድ ጊዜ ይቀዱ ነበር። ዘንድሮ በሁለት ቤት ሆነው በአንድ ሰዓት ልዩነት ነው የሚቀዱት። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ሙከራ ተደረገ። አንዱ ማሽን በትርሲት ፋርማሲ ጓዳ ተቀመጠ፤ ሁለተኛው በሰይድ ጎሚስታ ቤት በጎማዎች መሀል። ሰይድ ጎማ ከመጠገኑ ሌላ የእድሩ ለፋፊ ነው። ሞትንም ግንባታንም በአንድ ድምፅ ማጉያ፣ በአንድ ዜማ ያውጃል። የትኛው እንደሆነ እስኪለይ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ ደረቱን ይይዛል።

የትርሲት ማሽን በሦስት ሰዓት ቀዳ፣ የሰይድ በአራት ሰዓት። በስምንት ሰዓት ሁለቱም ጨረሱ። ሰይድ ደውሎ አሻራውን ማንበብ ጀመረ።

«ሰባት፣ ሐ፣ አራት...»

«ቁም» አለችው።

«ገና ሦስተኛው ላይ ነኝ እኮ።»

«የእኔ በዘጠኝ ነው የሚጀምረው።»

«ከመጨረሻው ጀምረሽ ብታነቢውስ?»

«ሰይድ።»

«እሺ። ጎማ ቢሆን ውሃ ውስጥ ነክሬ ቀዳዳውን አሳይሽ ነበር፤ ወላሂ በሁለት ደቂቃ።»

ትርሲት በቅደም ተከተል ሄደች። የማሽኖቹን ሰዓት አስተያየች፤ እኩል ነው። የዝርዝሩን ሁለት ቅጂ መስመር በመስመር አመሳከረች፤ አንድ ነው። በመጨረሻ ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አድርጋ የሚለያዩበትን ቦታ ፈለገች። የሳጥኑ ፕሮግራም የተሠራባቸውን ጎተራዎች አሻራ ሁሉ በሆዱ ይይዛል። የተለየው ከነዚያ አንዱ ብቻ ነበር፤ የሰዓቱ፣ ሳጥኑ ቀንና ሰዓት የሚቆጥርበት ጎተራ። መስመር 17።

መስመር 17 እንዲህ ይላል፦ «ሰዓት። ጋሽ ወንድይራድ። እንደ እሳቸው።»

አሻራ የለውም። ትርሲት ዝርዝሩን ከያዘች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ይህን መስመር በየሦስት ወሩ አይታዋለች። ቃለ ጉባኤውን አውጥታ ተመለከተች። ኅዳር 2058፣ ሦስተኛ አጀንዳ፦ «ጋሽ ወንድይራድን እንደ ማንም ወረቀት ይዘው ይቅረቡ ማለት ነውር ስለሆነ፣ በእሳቸው በኩል ያለው የመጨረሻው ጽሑፍ ይወሰድ ተብሎ በአንድ ድምፅ ተወስኗል።»

ውሳኔው ምክንያት ነበረው። በዚያ ዓመት ዝግጁው የከተማውን ቧንቧ ሁሉ ዘጠኝ ቀን ዘግቶ ነበር። ያኔ የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው የነበሩት ጋሽ ወንድይራድ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሜትሮሎጂ ጣቢያ ዝናብ ሲለኩ የኖሩ ሰው፣ ብሎን መፍቻ ይዘው ከቤት ቤት እየዞሩ ሳጥኖቹን ፈቱ። የሰዓቱን ጽሑፍ በሁለት ቀን ጽፈው ጨረሱ። እሳቸው ባይኖሩ እድሩ አይኖርም። ዛሬ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጎተራቸው ውስጥ የሆነ ነገር ይጽፋሉ። ምን እንደሚጽፉ ጠይቆ የሚያውቅ የለም። ረቡዕ ዕለትም በሁለቱ ማሽኖች መሀል ባለችው ሰዓት ውስጥ ጽፈዋል።

ሰይድ ወዲያው መላ አገኘ። «ቅዳሜ ጠዋት እቤታቸው ሄጄ ጨዋታ እጀምራለሁ። ከሦስት እስከ አራት እጃቸው ምንም አይነካም።»

«ተቆጣጣሪዋ ዝርዝሩን ብታነበውስ?»

«አሥራ ሦስት ዓመት ማን አነበበው?»

«እሱ ነው የሚያስፈራኝ።»

«እንግዲያው ሂጂና ንገሪያቸው።»

«ምን ብዬ?»

«'ጋሼ፣ ልንቸነክርዎት ነው' ብለሽ። እኔ ድምፅ ማጉያውን ቻርጅ አደርጋለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት ትርሲት ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዛ ሄደች። ጋሽ ወንድይራድ ግቢያቸው ውስጥ በርከክ ብለው ከዝናብ መለኪያው ቁጥር ሲያነቡ ደረሰች። ቀና ብለው ፌስታሉን አዩት።

«ብርቱካን ነው? ታምሜ ነው እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ፣ ጋሼ! እንዲሁ ልይዎት ብዬ ነው።»

«ሰው እንዲሁ ብርቱካን አይዝም። ተቀመጪ።»

ስለ ክረምቱ አነሳች። ስለ ጉልበታቸው ጠየቀች። የማኅደርን ሠርግ፣ የሙሽራውን ፈቃድ፣ የድንኳኑን ቀዳዳ ነገረቻቸው። ይህ ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ሽማግሌው አንዱን ብርቱካን ልጠው ግማሹን ሰጧት።

«ልትቸነክሪኝ ነው የመጣሽው» አሉ።

«አይ፣ ጋሼ፣ እንደሱ ማለቴ ሳይሆን...»

«ነው እንጂ። በየሦስት ወሩ ሰው ሁሉ ወረቀቱን ይዞ በበሬ ሲያልፍ አያለሁ። አዋላጇ ታልፋለች፣ ፀጉር ቆራጩ ያልፋል። አንድ ሰው ቆም ብሎ 'ጋሼ፣ የእርስዎስ የታለ?' አላለኝም።»

«ለክብርዎ ብለው ነው እኮ።»

«የነሱን ሁለት ሁለት ሰው አንብቦ ይፈርማል። የእኔን ማን አነበበው?»

ትርሲት ብርቱካኑን ያዘች እንጂ አልበላችውም።

«በአርባዬ የምትቸነክሩትን አላየውም» አሉ ጋሽ ወንድይራድ። «በቁሜ ቸንክሩኝ። ግን እንደ ማንም ሰው፣ በሁለት ፊርማ። አንብባችሁ። ሳታነቡ ብትመጡ አሻራውን አልሰጥም። ቅዳሜ መሆኑን አውቃለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ትርሲትና ሰይድ ፋርማሲው ጓዳ ውስጥ ሆነው ጎተራውን ከፈቱ። ጽሑፉ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት መስመር ነው። ከሱ በፊት ግን የየቀኑ ማስታወሻ ተደርድሯል። ከላይ ጀመሩ።

«ኅዳር 19 ቀን 2058። ዝናብ የለም። አንባቢ የለም።»

«ኅዳር 20 ቀን 2058። ዝናብ የለም። አንባቢ የለም።»

ሰይድ የማሽኑን ማያ ወደ ታች ገፋው።

«ሐምሌ 8 ቀን 2063። ዝናብ 41 ሚሊሜትር። አንባቢ የለም።»

ጎተራ የከፈተ ሰው ሁሉ ስሙ ለባለቤቱ ይመዘገባል። ማስታወሻው ከአምስት ሺህ በላይ ነበር፤ በእያንዳንዱ ላይ ዝናቡ ይለያያል፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት አይለያዩም። የዚያን ዕለት ጠዋት የተጻፈውም፣ ብርቱካኑ ከተላጠ በኋላ፣ ያንኑ ይላል።

«በበራቸው በቀን ሁለት ጊዜ ነው የማልፈው» አለ ሰይድ። ቀልድ አልጨመረበትም።

ከዚያ ጽሑፉን ማንበብ ጀመሩ። ንጹሕ ነው፤ ትርሲት እየቆየች ራሷን ትነቀንቃለች። መስመር 88 ላይ ሁለቱም እኩል ቆሙ። አሥራ ሁለቱ ወራት ሠላሳ ሠላሳ ተብለው ተጽፈዋል። ጳጉሜ አምስት ይላል። አጠገቡ ማስታወሻ አለ፦ «ስድስተኛዋን ቀን ኋላ ጨምር። ኅዳር 2058።»

«የጀሪካን ቀን» አለ ሰይድ።

የጀሪካንን ቀን በላይ በር የማያውቅ የለም። በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜ ስድስት ትሆናለች፤ ሳጥኖቹ ደግሞ እንዲህ ያለ ቀን ስለማያውቁ ቀኑ እስኪያልፍ ውሃውን ይዘጋሉ። በ2059 ሰው ደነገጠ፤ ሰዓቱ የጋሽ ወንድይራድ መሆኑን ሲያስታውስ ግን ዝም አለ። በ2063 ሁሉም ከዋዜማው ጀሪካኑን ሞላ። በ2067 ቀኑ ስም ወጣለት፣ ልጆችም በባዶ ጀሪካን ከበሮ መቱ። ሦስቱንም ጊዜ መጀመሪያ ውሃ የሚወሰደው ለጋሽ ወንድይራድ ነበር። በራቸው ላይ ያስቀምጡላቸውና ምንም ሳይናገሩ ይሄዳሉ። የዘንድሮዋ ጳጉሜ ስድስት አሥራ አንድ ቀን ቀርቷታል።

«ቅዳሜን እንለፍና እንነግራቸዋለን» አለ ሰይድ። «አሁን ብንነግራቸው ይቀየማሉ። ከተቀየሙ አሻራ የለም፤ እህትሽም እንግዶቿን በለስላሳ ታስታጥባለች።»

«ከፈረምን አይተን ዝም አልን ማለት ነው። እኔ የማላምንበትን ማዘዣ ይዤ መድኃኒት ሰጥቼ አላውቅም።»

«እኔ ግን ሰው ፊት ቆሜ የምናገረው ሞት ብቻ ነው። ሌላ አልለመድኩም።»

«አጠገቤ ቁም፤ አትናገር።»

ዓርብ ጠዋት ሄዱ። ብርቱካን አልያዙም። ጋሽ ወንድይራድ ሁለቱንም ሲያዩ ወንበር ሊያወጡ ተነሡ፤ ትርሲት ግን ቆማ ተናገረች።

«ጋሼ፣ ጳጉሜ ስድስት የለችም።»

«የት?»

«ሰዓቱ ውስጥ። መስመር 88።»

ገብተው መነጽራቸውን አደረጉ። ማያው ፊት ለረጅም ጊዜ ተቀመጡ። ውጭ ካፊያ ጀመረ።

«ይዘጋል ማለት ነው» አሉ።

«ይዘጋል።»

«ሦስት ጊዜ?»

«ሦስት ጊዜ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ፊታቸው ላይ መጀመሪያ የታየው ሐዘን ይመስል ነበር። ቀስ እያለ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ።

«ጀሪካኑ!» አሉ። «ጠበል መስሎኝ እኮ ነው! ለጳጉሜ እድሩ ቧንቧ ዘግቶ ጠበል ያድላል ብዬ! ሦስቱንም ጊዜ ልብሴን አውልቄ በዚያ ብርድ ተጠመቅሁበት!»

ሰይድ አትናገር የተባለውን ረሳ። «ጋሼ፣ በአላህ፣ የእኔ ጀሪካን ጎማ የምነክርበት ነው።»

«ጉልበቴ እኮ ተሽሎኝ ነበር!»

ትርሲት ግድግዳውን ደገፍ ብላ ሳቀች፤ ማቆም አልቻለችም። ሰይድ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ወንድይራድ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ለምን አልጠየቁንም?» አለች ትርሲት፣ ትንፋሿ ሲመለስ።

«ሁላችሁም ዝም ብላችሁ አስቀምጣችሁ ስትሄዱ መጠየቅ ነውር መሰለኝ።»

ካፊያው ቆመ። ሽማግሌው ወደ ማያው ዞሩ። ድምፃቸው ተለውጧል፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ ለስላሳም አልነበረም።

«አሥራ ሦስት ዓመት አከበራችሁኝ» አሉ። «ከእንግዲህ ትንሽ ቀንሱልኝ።»

ጳጉሜ ስድስትን የምትጨምረው ማስተካከያ አራት መስመር ነበረች። ሃያ ደቂቃ ፈጀች። ትርሲት አነበበች፣ ሰይድ አነበበ። ሰይድ ሁለተኛው መስመር ላይ «ይኼ ለምን እዚህ ሆነ?» ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ወንድይራድ ለሰባት ደቂቃ ሲያስረዱት ትርሲት እንዲህ ደስ ብሏቸው አይታቸው አታውቅም። ሁለቱ ፈረሙ። «እንደ እሳቸው» የሚለው ተሰረዘና አሻራው ተጻፈ።

ቅዳሜ ተቆጣጣሪዋ ወይዘሮ ፎዚያ በሰዓቱ ደረሰች። የቀረበላትን ሁሉ አመስግና አልነካችም። ዝርዝሩን ተቀብላ በእርሳስ ጫፍ እየተከተለች መስመር በመስመር አነበበችው። 17 ላይ እርሳሱ ቆመ።

«ይህ አምናም እንዲህ ነበር?»

«አልነበረም» አለች ትርሲት።

ወይዘሮ ፎዚያ አየቻት። አንድ ነገር ጻፈችና ወደ 18 አለፈች።

አንዱ ማሽን በሦስት ሰዓት፣ ሌላው በአራት ሰዓት ቀዳ። በመሀላቸው፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጋሽ ወንድይራድ እንደ ወትሯቸው ጎተራቸው ውስጥ ጻፉ። ትርሲት ይህን ታውቅ ነበር። በስምንት ሰዓት ከጎሚስታው በር ላይ የሰይድ ድምፅ ማጉያ ተሰማ፤ ሰፈሩም ደረቱን ያዘ። አሻራውን በለቅሶ ዜማ እያንዳንዱን ፊደል እየጎተተ ያነብ ጀመር። መንገደኛ ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ የተላጨ ሰው ይዞ ወጣ። ትርሲት በፋርማሲው መስኮት በኩል የራሷን ወረቀት በጣቷ ትከተላለች፤ ወይዘሮ ፎዚያም ከኋላዋ ቆማ ትከተላለች። ስልሳ አራት ምልክት ነው። ሰይድ ስልሳ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ትርሲት ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

ስልሳ አራተኛውም አንድ ነበር።

ወይዘሮ ፎዚያ ፈርማ ማኅተሟን መታች። እጇን ልትታጠብ ወደ ግቢው ቧንቧ ሄደች። ጎንበስ ብላ፣ በሚሰማ ድምፅ፣ «ፎዚያ ይመር፣ አምስት ደቂቃ» አለች። ከዚያ ውሃው ቀድሞ እየፈሰሰ መሆኑን አየች። ጥቂት እጇን ሳትዘረጋ ቆመች። ትርሲት ያልሰማች መስላ ፎጣ አቀበለቻት።

ሰኞ ጳጉሜ 6 ቀን ውሃው ከንጋት ጀምሮ አልተቋረጠም። ይህን በላይ በር ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር፤ ሰይድ ከዋዜማው ሦስት ጊዜ ለፍፏል። ቢሆንም ትርሲት በሦስት ሰዓት ከፋርማሲው ስትወጣ ጋሽ ወንድይራድ በር ላይ ጀሪካኖች ተሰልፈው አየች። ዘንድሮ ግን ያስቀመጡት ሰዎች አልሄዱም። ግቢው ውስጥ ዝናብ መለኪያውን ከበው ይከራከራሉ።

በሦስት ሰዓት ተኩል ጎተራውን ከፈተች። የዕለቱ ማስታወሻ ተጽፏል።

«ጳጉሜ 6 ቀን 2071። ዝናብ 17 ሚሊሜትር። ቧንቧ ክፍት ነው። ጀሪካን 19። አንባቢ 63። ፀጉር ቆራጩ ዝናቡ 16 ነው ይላል፤ ነገ የራሱን መለኪያ ይዞ ይምጣ።»